ላይሰንስ የሌለው ሰው ዘንግ አይነካም

«ማሚ፣ አባዬ ደስ የሚለው ምን ሲያደርግ ነው?»

ልጄ ኒስሪን ይህን የጠየቀችኝ በሰኔ ነው፤ የሜልበርን ክረምት ገብቶ፣ ትምህርት ቤት ለእረፍት ሊዘጋ ሲል። አስተማሪዋ ሁሉም ስለ አባቱ አንድ ገጽ ጽፎ እንዲመጣ አዛ ነበር። ኒስሪን የአባቷን ስም፣ ወሎ መወለዱን፣ ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት መንዳቱን ጽፋለች። የቀራት ይህ ብቻ ነው። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላዋዬን አስቀምጬ አሰብኩ። ሰይድን የሚያናድደውን ብትጠይቀኝ እስኪመሽ እነግራት ነበር። የትኛው ጥርሱ እንደሚያመው አውቃለሁ። በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ አውቃለሁ። ደስ የሚለውን ግን አጣሁት።

«ይተኛል ብለሽ ጻፊ» አልኳት።

«ማሚ! ዳት ኢዝ ኖት ኤ ሆቢ!»

አልዋሸሁም እኮ። ያን ጊዜ ሰይድ ናይት ሺፍት ነበር። እሱ ከሥራ ሲገባ ኒስሪን ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ በር ላይ ይገናኛሉ። ግንባሯን ይስማታል፣ «ጎበዝ» ይላታል፣ ከዚያ እሱ ወደ አልጋ፣ እሷ ወደ ትምህርት ቤት። ማታ እሷ የቤት ሥራዋን ይዛ ስትቀመጥ እሱ የሥራ ጫማውን እያሰረ ነው።

በዚያው ሰሞን የፐርዝ ነገር መጣ። ያመጣው በዳሳ ነው። በዳሳ የሰይድ የሥራ ባልደረባ ነው፤ በአንድ መኪና ይመላለሳሉ። የጅማ ልጅ ነው፤ ቤታችን ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ቀልዱን ይጀምራል። በአውስትራሊያ ሌላኛው ጫፍ፣ ፐርዝ የሚኖር የአክስቱ ልጅ ለሁለቱም ሥራ አግኝቶላቸው ነበር፤ ደሞዙ ከላቨርተኑ ይሻላል። «ከኢድ በኋላ እንሄዳለን» አለ በዳሳ። ሰይድ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እኔ ቀድሜ ልሂድና ቤት ልያዝ። እናንተን ከዚያ እወስዳችኋለሁ» አለኝ።

«እሺ» አልኩ።

እሺ ያልኩት ግን ከልቤ አልነበረም። አባቴ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ጅዳ ሲሄድ እናቴን ያላት ይህንኑ ነው፤ እኔ በእቅፍ ነበርኩ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ገንዘብ ይልክ ነበር፣ ጨርቅ ይልክ ነበር፣ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ይልክ ነበር። ሲመለስ ግን እኔ ለመዳር ደርሻለሁ። ጉልበቱን ስስም እንደ እንግዳ አፈርኩት፤ እሱም አፈረኝ። ይህን ለሰይድ ነግሬው አላውቅም። አባቴን ያማሁት ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ «አትሂድ» ለማለት አልደፈርኩም። ግን የኒስሪን ጥያቄ ከራሴ አልወጣ አለ። ሰይድ ደስ የሚለውን ነገር እዚሁ በምንኖርበት ሜልተን ቢያገኝ ማን ይነቅለዋል? ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ ገብቶ ሻይ ሲጠጣ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ሰይድ፣ አንተ ምን ደስ ይልሃል?»

ብርጭቆውን አስቀምጦ አየኝ። «ምነው? ሐኪም ቤት ሄደሽ ነበር? ምን አሉሽ?»

«ምንም አላሉኝም። እንዲያው ነው።»

«እንቅልፍ ደስ ይለኛል» አለና ወደ መኝታ ገባ። እኔም ብርጭቆውን እያጠብኩ ተስፋ ቆርጬ ሳለ ከብርድ ልብሱ ስር ድምፁ መጣ። «ልጅ ሳለሁ ሐይቅ ከተማ አጎቴ ዘንድ እንከርም ነበር። ሰዎቹ በደንገል ታንኳ ወጥተው ዓሣ ሲያጠምዱ ከዳር ሆኜ አይ ነበር። ቀኑን ሙሉ።»

«አንተስ አላጠመድክም?»

«እናቴ ትገድለኛለቻ! ሐይቁ ሰው ይበላል ትል ነበር።» አልጋው ላይ ሲገላበጥ ተሰማኝ። «ደስ ይል ነበር፣ ወላሂ» አለና አንኮራፋ።

እግዜር ይስጣት፣ ኒስሪንን። አሁን መልስ ነበረኝ።

ማንበብና መጻፍ ወደምማርበት ቤት የምሄደው በፓርኩ በኩል ነው። በፓርኩ ውስጥ ትንሽ ሐይቅ አለ፤ በዚያ ድርቅ ዘመን ውኃው ሸሽቶ ዳሩ ጭቃ ብቻ ሆኖ ነበር። እዚያ ዳር ሁልጊዜ አንዲት አሮጊት ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓሣ ያጠምዳሉ። ሰላም እንባባል ነበር እንጂ አውርተን አናውቅም። የዚያን ቀን ግን ቀጥ ብዬ ሄድኩና ባለኝ እንግሊዝኛ፣ «ባሌ ዓሣ ማጥመድ መጀመር ይፈልጋል። እንዴት ይጀመራል?» አልኳቸው።

ስማቸው ካርሜን ነው፤ የማልታ ሰው ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ሳቁ።

«ባልሽ ነው ወይስ አንቺ?»

«ባሌ ተኝቷል» አልኳቸው።

አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ለእረፍቱ ልጆች እንዲያጠምዱት መንግሥት ሐይቁ ውስጥ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ጨምሮበታል አሉኝ። ለጀማሪ ብዙ ነገር አያስፈልግም፤ አጭር ዘንግ፣ ቀጭን ክር፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀይና ነጭ እንክብል። እንክብሉን ፍሎት ይሉታል። ከፍሎቱ በታች አንድ ክንድ ያህል ክር ይለቀቃል፤ መንጠቆው ላይ የቆርቆሮ በቆሎ ወይ የምድር ትል ይሰካል። ፍሎቱ ሲነቃነቅ አይነካም። ሰምጦ ሲቀር ዘንጉን ቀና ማድረግ ነው። «ቸኩለሽ ከጎተትሽ ባዶ መንጠቆ ነው የምታገኚው» አሉኝ። ስነሳ ደግሞ ጠሩኝ። «ልጆች ነፃ ናቸው። ትልቅ ሰው ግን ያለ ላይሰንስ ዘንግ መንካት አይችልም። ኢንስፔክተር ይመጣል።»

ኢንስፔክተር የሚለውን ቃል ስሰማ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። እኔ የምፈራ ሰው ነኝ። ምድጃ አጥፍቼ ወጥቼ ከአውቶቡስ ፌርማታ ተመልሼ የማይ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከትምህርት እንደወጣሁ የማጥመጃ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሄጄ፣ ከዘንጉ በፊት ላይሰንሱን ገዛሁ። ሻጩ ስም ሲጠይቀኝ የራሴን ተናገርኩ። ሰይድ ተኝቷል፣ መታወቂያውም ኪሱ ውስጥ ነው፤ ሌላ ምን ልል እችል ነበር?

ይህ ያመጣውን ነገር የተረዳሁት ቅዳሜ፣ ሦስታችን ሐይቁ ዳር ከቆምን በኋላ ነው።

ሰይድ ወደ ሐይቁ ሲወርድ እንደ ልጅ ነበር የሚራመደው። ጃኬቱን ጣለ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ዘንጉን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። እኔም ዘንጉን ወደ ኋላዬ ሸሸግሁ።

«አንተ አትነካም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ላይሰንሱ የኔ ነው። ኒስሪን ልጅ ነች፣ ትችላለች። አንተ ላይሰንስ የለህም።»

«ጦይባ! ላንተ ነው ያመጣሁት አላልሽም?»

«ብዬ ነበር። ግን ኢንስፔክተር አለ።»

ዙሪያውን አየ። ዳክዬዎች ነበሩ፤ ከካርሜን በቀር ሌላ ሰው አልነበረም። «የት ነው ኢንስፔክተሩ? ያቺ ዳክዬ ናት?»

«አባዬ፣ ሩል ኢዝ ሩል» አለችው ኒስሪን።

«አቦ እናትና ልጅ ተባበሩብኝ!» አለና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ ዓይኑ ኒስሪን ወገብ ላይ አረፈ። ውኃ ውስጥ እንዳትገባብኝ ወገቧን በሻርፕ አስሬ ጫፉን ክንዴ ላይ ጠምጥሜው ነበር። «ይቺንስ በግ ገበያ ልትወስጃት ነው?»

ካርሜን መንጠቆው ላይ በቆሎ መሰካት አሳዩን። ኒስሪን ቶሎ ገባት። እኔ ግን ስወረውር ክሩ አንዴ ከቁጥቋጦ፣ አንዴ ከራሴ መሸፈኛ ጋር ተያያዘ። ሰይድ ድንጋዩ ላይ ሆኖ ያዝዘኛል፦ «ወደ ቀኝ! ኧረ የለም፣ ዝቅ አድርጊው! ያ ረቢ፣ ይቺ ሴትዮ ዳክዬ ልታጠምድ ነው!» በመጨረሻ ፍሎቱ ውኃው መሐል አረፈልኝ።

ነፋሱ ብርዳም ነበር፤ ሰማዩ ደመና። ካርሜን ዝም ብለው ሹራብ ይሠራሉ። እኔ ከፍሎቱ ላይ ዓይኔን ስላልነቀልኩ እንባዬ ወረደ። ነቅነቅ አለ። አልነካሁትም። እንደገና ነቅነቅ አለ። ከዚያ ድንገት ሰመጠና ቀረ።

ዘንጉን ቀና አደረግሁ፤ ከወዲያ በኩል ደግሞ የሆነ ነገር ጎተተኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ነክቶኝ አያውቅም። የማላየው ነፍስ ያለው ነገር በቀጭን ክር ጫፍ እጄን ያዘኝ።

«ሰይድ! ያዘው! ያዘው!» ብዬ ዘንጉን ዘረጋሁለት።

እጆቹን ሁለቱንም ወደ ላይ አነሳ። «ላይሰንስ የለኝም!»

«ሰይድ፣ ልሞት ነው!»

«ኢንስፔክተር ይመጣል! እኔ ሕግ አላፈርስም!»

«አባዬ!» ኒስሪን ከሳቋ ብዛት መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ክንዴ ላይ የታሰረችው እሷ ስለሆነች እኔም ልወድቅ ደረስኩ። እንደምንም ክሩ የሚጠቀለልበትን ማጠንጠኛ አዞርኩ። ካርሜን መረባቸውን ይዘው መጡና ጭቃው ላይ አወጡልኝ። ብር የመሰለ፣ ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር ያለው፣ ጀርባው ነጠብጣብ የሆነ ዓሣ ነው። እንዲህ ያማረ ነገር ከዚያ ቡናማ ውኃ ውስጥ ይወጣል ብሎ ማን ያምናል?

ካርሜን መንጠቆውን ፈቱና ከቅርጫታቸው አጭር ዱላ አወጡ። ዓሣው እንዳይሰቃይ ጭንቅላቱን አንዴ ይመቱታል፤ የእነሱ ወግ ነው። ዱላውን ሲያነሱ ሰይድ ከድንጋዩ ተወርውሮ ተነሳ።

«ኖ! ኖ! ኖ!»

ካርሜን ደንግጠው ዱላቸውን ጣሉ።

«ተደብድቦ ከሞተማ በክት ሆነ!» አለኝ ሰይድ። «ጦይባ፣ ቢላዋ!»

እኔም ልክ ነው አልኩ። እኛ ደገኞች ነን፤ የምናውቀው በግና ዶሮ ነው። ደም ያለው ነገር ካልታረደ አይበላም ብለን ነው ያደግነው። ብርቱካን የምልጥበትን ቢላዋ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሰይድ ዓሣውን በጃኬቱ ሸፍኖ ያዘና፣ እርድ ወደ መካ ዞሮ ነውና፣ ቀና አለ።

«ቂብላው በየት ነው?»

«በዚህ ነው» አልኩት።

«የለም፣ ቤታችን በዚያ ከሆነ እኮ ቂብላው በዚህ ነው።»

«ፀሐይዋ የምትገባው በመኪና ማቆሚያው በኩል ነው።»

«ፀሐይ የት አለችና!»

ዓሣውን ወደ መኪና ማቆሚያው አዞረው፤ ከዚያ ወደ ዛፎቹ መለሰው፤ ከዚያ እንደገና ወደ መኪና ማቆሚያው። እኔ ቢላዋውን ይዤ አብሬው እዞራለሁ። ካርሜን አፋቸውን ከፍተው ያዩናል።

«ማሚ» አለች ኒስሪን።

«ቆይ አንቺ!»

«ማሚ፣ ፊሽ አይታረድም። ኢትስ ኦልሬዲ ሐላል። የቁርኣን ኡስታዛችን ነግሮናል።»

ሰይድ እኔን አየኝ፤ እኔ ሰይድን አየሁት። እውነት ነበር። ሁለታችንም ልጅ ሆነን ሰምተነው፣ ሁለታችንም ረስተነው ነበር። ዓሣ በልተን የማናውቅ ሰዎች በምን እናስታውሰው? ልክ በዚያች ቅጽበት ዓሣው ከጃኬቱ ውስጥ ተፈናጠረ፣ ጭቃው ላይ አንዴ ተገለበጠ፣ እንደ ሳሙና ተንሸራቶ ውኃው ውስጥ ጠለቀ።

ሁላችንም የጠለቀበትን አየን። ከዚያ ካርሜን በጣም በትሕትና፣ «ይቅርታ፣ ዓሣውን ለምን መኪና ማቆሚያውን አሳያችሁት?» ብለው ጠየቁ።

ሰይድ ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው ነበር፤ ቀጥሎ ሆዱን ይዞ፤ ቀጥሎ ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ኒስሪን ሄዳ ጀርባው ላይ ወጣችና አብራው ሳቀች። እኔ ቢላዋውን እንደያዝኩ ቆሜ ሳያቸው፣ ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ሲስቅ አይቼው እንደማላውቅ ገባኝ።

ሰኞ ጠዋት ሰይድ ከሥራ በሰዓቱ አልገባም። በረንዳው ላይ ወጥቼ፣ ገብቼ፣ መንገድ ላይ አደጋ ደርሶበት ይሆን ብዬ ለመደወል ስልኩን ሳነሳ መጣ። ሱቁ እስኪከፈት በር ላይ ቆሞ ነው። ላይሰንሱን ከኪሱ አውጥቶ እንደ ፓስፖርት ዘርግቶ አሳየኝ። «አሁን የትኛው ኢንስፔክተር ነው የሚነካኝ?» አለና ሳይበላ ተኛ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አባትና ልጅ ሐይቁ ዳር ናቸው። የኒስሪንን ክር እሱ ያስራል፣ የሱን መንጠቆ እሷ ታዘጋጃለች። ሰይድ መጀመሪያ የያዘውን ትራውት በጋዜጣ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎ ነው ያመጣው። አጽድቼ፣ ሎሚና ጨው አድርጌ፣ በበርበሬና በዱቄት ለውሼ ኮተሌት ጠበስኩት። ካርሜንም ተጠርተው መጡ። እኔ «እትዬ ካርሜን» ነው የምላቸው፤ በባዶ ስማቸው መጥራት አልሆንልሽ አለኝ። በርበሬው ዓይናቸውን አስለቅሷቸው፣ አፍንጫቸውን እየጠረጉ ደግመው በሉ። እኔም ጠዋት ጠዋት ከትምህርት በፊት ለራሴ ዘንግ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ለሰይድ ብዬ ነው እል ነበር። ሰይድ የሌለበት ቀን ለማን ብዬ እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም።

ነገር ሁሉ ያሰብኩት እየሆነ መሰለኝ። ረመዳን ገባ፤ እኔም በየሰላቱ ዱዓዬ ይኸው አንድ ነገር ነበር፤ ሰይድ እንዳይሄድ።

በረመዳን አጋማሽ አንድ እሁድ በዳሳ፣ «ይህ ዓሣ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ልየው» ብሎ አብሮን መጣ። ካርሜን የነገሩንን ትልቅ ግድብ ለማየት ወደ ባላራት በሚወስደው መንገድ ወጣን። እዚያ ሬድፊን የሚባል ዓሣ አለ፤ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር፣ ክንፉ ቀይ፣ ጀርባው እሾህ ነው፤ ሥጋው ከትራውት ይጣፍጣል። ለሬድፊን በቆሎ አይሆንም፣ ትል ነው። ኮረብታው አረንጓዴ ነበር፣ ፀሐይዋ ሞቃት። ማፍጠሪያችንን፣ ሳምቡሳውንም ቴምሩንም፣ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጬ እኔም ፍሎቴን ወረወርኩ።

በዳሳ ታጣፊ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። «እኔ ላይሰንስ የለኝም። አፍ ብቻ ነው ያለኝ፤ እሱም ጾም ላይ ነው» አለ። ሰይድ መጀመሪያውን ሬድፊን ሲያወጣ ግን ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። «ያ ሰይድ! ይሄ እኮ እውነተኛ ዓሣ ነው!» እሾሁ እጁን ሲወጋው ደግሞ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለና ኒስሪን ሳቀች። ከዚያ ጣቱን ሊመጥጥ ሲል ጾሙን አስታወሰ፤ ጨርቅ ላይ ጠረገው፤ ተመልሶ ተቀመጠና እንዲህ አለ፦

«ሰይዶ፣ አንተ ግን ይህን ያህል ከወደድክ እዚህ ኩሬ ለኩሬ ምን ያንከራትትሃል? ፐርዝ ባሕር አለ! የአክስቴ ልጅ ይነግረኛል፣ እዚያ ዓሣው እንደ በግ ነው። ከሥራ ወጥተህ በእግርህ ባሕር ዳር ነህ።»

ሰይድ ቀና አለ። «በእግር?»

«በእግር!»

ዓይኑ ሲበራ አየሁት። የዚያን ቀን ሐይቁ ዳር ጃኬቱን ሲጥል የነበረው ብርሃን ነው። ይህን ሁሉ የሠራሁት እኔ ነኝ። መሄጃ ምክንያት በገዛ እጄ ገዝቼ፣ ጠብሼ፣ በሎሚ አጉርሼዋለሁ።

«ትልቅ ዘንግ ይፈልጋል ይሆን?» አለ ሰይድ።

«አትሂድ» አልኩ።

ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን?» አለ ሰይድ።

«አትሂድ። ቀድሜ ልሂድ አትበለኝ። አባቴም ቀድሜ ልሂድ ብሎ ነው የሄደው። እኔ በእቅፍ ነበርኩ፤ ሲመጣ ጡቴ አጎጥጉጦ ነበር። ፊቱን አላውቀውም ነበር። ከሄድን አብረን እንሂድ፤ ካልሆነ አብረን እንቅር።»

በዳሳ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። ሰይድ አፉን ከፈተ፤ ግን የሚያየው እኔን አልነበረም።

«ጦይባ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ፍሎትሽ።»

እጄ ላይ ያለው ዘንግ ተቆልምሞ ውኃ ሊነካ ደርሷል። ትልቅ ነገር ነው የያዘው። ማጠንጠኛው ይጮኻል።

«ማሚ፣ ፑል!» ጮኸች ኒስሪን።

«አልጎትትም! መጀመሪያ ይመልስልኝ!»

«ሴትዮ፣ ሊያመልጥሽ ነው!» አለ ሰይድ።

«ያምልጥ! መልስልኝ!»

«ክሩ ሊበጠስ ነው እኮ!»

«ይበጠስ! ትሄዳለህ ወይስ አትሄድም?»

«አልሄድም!» አለ ሰይድ ራሱን ይዞ። «ወላሂ አልሄድም! ጾመኛ ነኝ፣ አልዋሽም! አሁን በአላህ ጎትቺው!»

ጎተትኩት። እያለቀስኩ ነበር፤ እየሳቅሁም ነበር፤ የራሴ መሸፈኛ ትከሻዬ ላይ ወርዷል። ሰይድ በጫማው ውኃ ውስጥ ገብቶ በመረብ አወጣው። ከያዝናቸው ሬድፊኖች ሁሉ ትልቁ ነበር። በዳሳ ጎንበስ ብሎ ዓሣውን አየና፣ «አንተ ዓሣ፣ በአንተ ምስክርነት አንድ ባልደረባ ተቀማሁ» አለው።

ማታ ወደ ቤት ስንመለስ በዳሳና ኒስሪን ከኋላ ተኝተው ነበር። ሰይድ እየነዳ፣ «ለዓሣው ብዬ የማልኩ እንዳይመስልሽ» አለኝ።

«አልመሰለኝም።»

«እኔ እኮ ለራሴ ብዬ አልነበረም የምሄደው። አንቺ ‹እስከ መቼ በሰው ቤት?› ስትይ እሰማለሁ። የራስሽን ቤት ትፈልጊያለሽ ብዬ ነው።» ማርሹን ቀየረ። «የአባትሽን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ የቤቱን ለምን አልነገርከኝም?»

ክንዴን ነካ አደረገኝ። እጁ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

በዳሳ ግን ነቅቶ ኖሯል። ቤቱ በር ላይ ስናወርደው በመስኮቱ ጎንበስ አለ። «ጦይባ፣ አልተቀየምኩሽም» አለኝ። «ግን እኔን ‹አትሂድ› የሚለኝ ሰው የለኝም፤ ስለዚህ እሄዳለሁ።» ቀልድ እያስመሰለ ነው ያለው። እኔም የተረፈውን ሳምቡሳ በሙሉ ሰጠሁት።

ሰይድ በዚያው ሳምንት የቀን ሥራ መጠየቅ ጀመረ። ትሩጋኒና በሚባል ሰፈር አዲስ በተከፈተ መጋዘን አገኘ፤ ደሞዙ ከላቨርተኑ ትንሽ ያንሳል፣ ግን ማታ ማታ ቤት ነው። የመጀመሪያው ማታ ሦስታችን እራት ቀርቦ የምንናገረው አጣን፤ አልለመድነውማ። ኒስሪን «ኦክዋርድ» አለች፤ ያን ጊዜ ሳቅን።

ኢድ ዋለ። በሳምንቱ ሰይድና እኔ በዳሳን ኤርፖርት ሸኘነው፤ ሰይድ አንድ ዘንግ ገዝቶለት ነበር። በዳሳ ፐርዝ ሄደ። እትዬ ካርሜን በዓመቱ ልጃቸው ወዳለችበት ጂሎንግ ተዛወሩ። ሰይድ፣ ኒስሪንና እኔ ሜልተን ቀረን።